ማጉን ስፈልግ

አባቴ ድንጋይ ሰንጣቂ ነበር፣ በሰሜን ዌልስ ተራራ፤
ጥቁሩን የጣሪያ ድንጋይ በጣቱ ነበር የሚያዋራ።
መዶሻ ሳያነሣ በፊት አንኳኩቶ ያዳምጠዋል፤
«ሥሩ ወዴት እንደሚሄድ ራሱ ድንጋዩ ያውቃል፤
ሳትሰሚው» ይለኝ ነበር፣ «በእልህ ብትመቺው ይደቅቃል።»

እኔ ሌላ ድንጋይ መረጥሁ፦
ኪሎ ተኩል የማይሞላ፣ እንደ እርጎ የላላ፣
ሳይከፈት የሚነበብ፣ ሳይነካ የሚሰማ፤
የሰው አንጎል። ካርዲፍ ላይ፣ ከምድር ቤት፣ በዝናቡ ከተማ።

ሥራዬን የሚጠይቀኝ በአውቶቡስም በሠርግም አይጠፋ።
«ሐሳብ ታነቢያለሽ?» ይሉኛል።
«አላነብም» እላለሁ። «ውሃ ነው የምከተል።
ከጠብታ እጅግ ያነሰች ውሃ ወዲያ ወዲህ ስትንከላወስ፣
ግድግዳ ገጭታ ስትመለስ፣
በሰከንድ ሽርፍራፊ የሄደችውን ለክቼ
ቤቱን እገምታለሁ፣ በሩን ሳልከፍት፣ ከደጅ ቆሜ፣ ተግቼ።»
ያን ጊዜ ወሬ ይለውጣሉ።

ከዚያ ወዲያ ሒሳብ ነው።
ነርቩን ቱቦ ነው አልሁ፤ ቀጥ ያለ፣ ክብ፣ ልሙጥ፣
እንደ መቃ የጸና፣ የማይታጠፍ፣ የማይለወጥ።
አይደለም፤ አውቃለሁ። ግን ስሌቱ እንዲፈታ
እውነት ትንሽ መላጨት፣ ትንሽ መከርከም ነበረባት፣ ለዚያች ማታ።
ማታዋ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነች።

ኢድዋል የሚባል ሾፌር ነበረን፣ ከአውቶቡስ ጡረታ የወጣ፤
በየዓመቱ መጋቢት ላይ በፈቃዱ የሚመጣ።
ቀለበቱን፣ ቁልፉን፣ ሳንቲሙን፣ ቀበቶውን ያስረክባል፤
ያ ማሽን እንደ መቶ ቀጥቃጭ ሲጮኽ፣ እሱ ከውስጡ ያንቀላፋል።
«ከሞተሬ ይሻላል» ይላል ሲወጣ፣ ፀጉሩን እያሸ፤
«እስቲ ንገሪኝ ኤሉነድ፣ መንገዶቼ እንዴት ከረሙ? የተዘጋ አለ? የተበላሸ?»
«ደህና ናቸው።» ቀዩን ከጆሮ ወደ ጆሮ፣
ሰማያዊውን ሽቅብ ሲወጣ አሳየዋለሁ።
አንድ ጊዜ ግን ከስክሪኑ ላይ ጣቱን አኖረ፦ «እዚህ ምን አለ?»
ጠቆር ያለች፣ ቀለም የከዳት፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል።
«ምንም። የማሽኑ ጫጫታ ነው።»
«እኔ መንገድ አውቃለሁ» አለ። «መሐል ከተማ ባዶ ቦታ የለም።
ወይ አደባባይ ነው፣ ወይ መስቀለኛ።»
ሳቅሁ። ጻፍሁ። ታተመ። ብዙዎች ጠቀሱኝ።

በኅዳር ሞተ።
አንጎሉን ለእኛ ተናዞ ኖሯል፣ በሦስት መስመር፣ ያለ ሐተታ።
በስስ ቢላ ተሸንሽኖ፣ በመስታወት ላይ ተነጥፎ፣ ቀለም ጠጥቶ ሲመጣ
ያቺን ቦታ ፈለግሁ።
አንዱ ክር ሽቅብ፣ አንዱ አግድም፣ አንዱ በመካከል ሾልኮ፤
«ምንም» ያልሁት ያ ስፍራ ሽመና ኖሯል እኮ!
ቱቦዎቼም ቱቦ አልነበሩ፤ እንደ ተሰካ ዶቃ
እዚህ አብጠው፣ እዚያ ቀጥነው፤ አንድም አላየሁ መቃ።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ድሩን ብቻ ነው የቆጠርሁ፤
ማግ የሌለው ጨርቅ ሸጥሁ፤ ሰዎች ለበሱት፤ እኔም ለበስሁ።
ከማግኔቱ ጎን ውዬ አድሬ
ማጉን ማግኘት አቃተኝ።

ለመጽሔቱ ጻፍሁ፦ «ተሳስቻለሁ። በገጽ አራት ያለው ስሌት
ክሮች በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱ ብቻ ይሠራል።
ያረመኝ ኢድዋል ፕሮሰር ነው፣ የአውቶቡስ ሾፌር።»
አዘጋጁ ሙያውን ሰረዘው። መልሼ ጻፍሁት።
ሰረዘው።
መልሼ ጻፍሁት።

አሁን ተማሪዬ ነስሪን አዲስ ሞዴል ይዛ መጥታለች፣
ዐሥራ አራት ያልታወቁ ፊደሎች ያሉበት፣ ዐይኗ እንቅልፍ ያጣ።
«ትክክል ነው?» ትለኛለች።
ሳላስበው ጠረጴዛውን ሁለቴ በጣቴ አንኳኳሁ፤
ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባትም። እኔም አላብራራሁ።
ከስክሪኑ ጥግ አንዲት ነጥብ ነበረች፣ ጠቆር ያለች።
«ይህችስ?» አልኋት።